ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ከሚጠይቀኝ ሰው መሸሽ ከጀመርሁ ሰነባብቻለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርሁም። ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከጫማ ሻጮቹ በላይ ባለው ፎቅ፣ የሰርግ ቪዲዮ የማቀናብርባት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ላልጠየቀኝም ጭምር፣ ሙያዬን ሳስረዳ ደረቴ ይነፋ ነበር። ይህ አልበቃኝ ብሎ ኢንተርኔት ስቆፍር አንድ አዲስ ጥበብ ተማርሁ። አርፌ ሰርጌን ስቆራርጥ ብኖር ኖሮ ይሄኔ ከሰው ጋር እንደ ሰው አወራ ነበር።

ጥበቡ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ በሚለቀቅ ቪዲዮ ወይም ድምፅ ውስጥ ትእዛዝ ይቀበራል። ቪዲዮው እየሄደ እየሄደ የተወሰነለት ቦታ ሲደርስ ትእዛዙ ራሱን ይፈጽማል። ፎቶ ብቅ ይላል፣ ጽሑፍ ይወጣል፣ ተመልካቹ የሚጫነው ምልክት ይመጣል። ጥያቄ ሊጠይቅም ይችላል፤ መልስ እስኪያገኝ ደግሞ ቪዲዮው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ካስፈለገም ካለበት ተነስቶ ወደፊት ይዘላል። በቤቴ ውስጥ ከባለቤቴ ጀምሮ እስከ ድመቷ ድረስ የሚታዘዘኝ ፍጡር የለም፤ ባልሁት ሰዓት ከች ብሎ የሚታዘዝ ነገር ማግኘቴ ልቤን ወሰደው።

መጀመሪያ የሞከርሁት ገራዶ በተደረገ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ «እዚህ ጋ እልል ይበሉ» የሚል ጽሑፍ እንዲመጣ አደረግሁ። ለካ የገራዶ እናቶች መቼ እልል እንደሚባል ስልክ እንዲነግራቸው አይፈልጉም። አክስቴ እስከ ዛሬ ቀልድ ስነግራት «አሁን ልሳቅ ወይስ ልጠብቅ?» ትለኛለች። አእምሮ ያለው ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ስሜ ወጣልኝ ብዬ ተደሰትሁ።

የወጣው ስሜ ጀማል ጆሮ ደረሰ። ጀማልን ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደረጃዬን እያለከለከ ወጥቶ፣ ካለችኝ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስለ አባቱ ነገረኝ። አባቱ ሐጂ ይማም ኮምቦልቻ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው ዘሀራ ሞታለች፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጆቻቸው ተበትነዋል፤ ጀማል እዚህ ደሴ ነው፣ እህቱ ራህማ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፣ የቀረው ዘመድ የትም የትም ነው። ቤተሰቡ ለሰደቃ ኮምቦልቻ የሚሰበሰብበት ቀን ደርሶ ስለነበር፣ የሐጂን የሕይወት ታሪክ ከራሳቸው አፍ እንድቀርጽ ፈለገ። ለመጣው ድንኳን ውስጥ በትልቅ ስክሪን ይታያል፤ ለሩቁ በዚያው ሰዓት በኢንተርኔት ይለቀቃል። ዝም ተብሎ የሚታይ ሳይሆን ሰው የሚሳተፍበት ይሁን አለኝ። ይህን ቃል ሲናገር ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ካሜራዬን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሐጂ ይማም በዘመናቸው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጓሮአቸው ካለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር አስቀመጥኋቸው። ከጎናቸው ጋሽ ተስፋዬ ተቀመጡ። ጋሽ ተስፋዬ በዚያ መኪና ላይ ረዳታቸው የነበሩ፣ ዛሬ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው። ሐጂ ሲረሱ ጋሽ ተስፋዬ ያስታውሷቸዋል፤ ሐጂ ሲያጋንኑ ጋሽ ተስፋዬ መሬት መሬት ያያሉ።

ሐጂ በዱዓ ጀመሩ። ከዚያ ስለ መኪናቸው፣ ስለ ሚሌ ሙቀት፣ መኪናዋ ተገልብጣ ስለተቃጠለችበት ቀን፣ መንገድ ዘግታ አልነሳም ስላለች ግመል፣ ቀጥሎ ሚስታቸውን ዘሀራን እንዴት እንዳገቧትና ቤተሰቡ እንዴት እንደተጋገዘ አወሩ። ልጃቸውን ጀማልን አመሰገኑ፣ እጁ ሰፊ ነው፣ ረስቶኝ አያውቅም አሉ። ምስጋናውን እንደጨረሱ ከዚህ ቤት መውጣት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ይህን ሲሉ ጋሽ ተስፋዬ መሬት አላዩም። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው ይህ ለሁሉም ይሰማ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለልጆቻቸው ፊት ለፊት ሊነግሯቸው ሲጀምሩ ወይ ስልክ ይጠራል፣ ወይ ሻይ ይመጣል፣ ወይ «አብሽር አባ» ተብሎ ወሬው ይለወጣል። እዚህ ግን የሚያቋርጣቸው የለም።

«ይሰማል፣ ሐጂ» አልኋቸው።

ደሴ ተመልሼ ማቀናበር ስጀምር ጀማል ከጎኔ አልጠፋም። ማዘዝ ሱስ ነው፤ እኔን የያዘኝ እሱንም ያዘው። ለዱዓው የ«አሚን» ምልክት አደረግን። ለመኪናዋ ፎቶዋን ከነጽሑፏ አዘጋጀን፤ «ብዙ ጭነት የቻለች፣ መንገድ ላይ ጥላን የማታውቅ» ይላል። ራህማ ከጅዳ በድምፅ መልእክት፣ የእናቷ ስም ሲነሳ ጽጌረዳ እንዲዘንብ ጠየቀች፤ ሐጂም የሚስታቸውን ስም ደጋግመው ስላነሱ ጽጌረዳውን ደጋግሜ ዘራሁት። የእነ ጀማል አጎት ሰይድ ስሙ ካልወጣ ድንኳኑን እንደማይረግጥ ስላስታወቀ፣ ሐጂ ስለ ቤተሰባቸው አጋርነት ሲያወሩ የሚወጣ «የቤተሰባችን አለኝታ አቶ ሰይድ» የሚል ጽሑፍ ተጨመረ። ሐጂ ሲሰናበቱ ደግሞ ጀማል አንድ ጥያቄ እንዲመጣ ፈለገ። «ሐጂ ከእንግዲህ የት ቢኖሩ ይሻላል?» ይላል ጥያቄው። ምርጫዎቹ ኮምቦልቻና ደሴ ናቸው፤ አንዱ የተጫነው መልስ ሁሉም ስክሪን ላይ ይታያል። ትክክለኛው መልስ ደሴ ነው ብለህ ሙላው አለኝ። ቤቱ ውስጥ ለአባቱ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አዘጋጅቶ፣ በዚያ ቀን ሊያበስራቸው ነው።

ያን ጊዜ ሐጂ ስለ ቤታቸው የተናገሩበት ቦታ ደረስን። ጀማል እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ይህቺን ዝለላት» አለኝ።

እንዳልገባኝ ሆንሁ። አባቱ በተለይ ይህ እንዲሰማላቸው እንደጠየቁኝ ነገርሁት። አልተቆጣም። በቀደም አባቱ መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ ጋሽ ተስፋዬ በአጋጣሚ ጎራ እስኪሉ ድረስ ሲሚንቶ ላይ ተኝተው እንደነበር ነገረኝ።

«እኔ እዚህ ሆኜ የምተኛ ይመስልሃል?» አለኝ። «ስልክ በጠራ ቁጥር ሞቱ የሚሉኝ ይመስለኛል። ወላሂ፣ ሰልችቶኝ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

ፊቱን ሳየው እውነቱን ነው። ቆርጬ ላውጣው ወይ ስለው ግን የለም አለ፤ የአባቱን ቃል ቆረጠ መባልን አይፈልግም። ንግግሩ ቪዲዮው ውስጥ ይኑር፣ ቪዲዮው ግን እዚያ ሲደርስ በላዩ ይዝለል። አልቆረጥነውም፣ ዘለልነው እንጂ። ይህ ልዩነት ያን ዕለት ትልቅ ልዩነት መስሎ ታየኝ። ለራሴም እያስረዳሁ ሻይ አዘዝሁበት።

የሰደቃው ቀን ጠዋት ጀማል ስልኩን ይዞ መጣ። መደብሩ ውስጥ ራሱን በራሱ የቀረጸውን የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር መጀመሪያው ላይ እንድቀጥልለት ነው። ንግግሩ አጭር አይደለም። ሰው ድንኳን መግባት ጀምሯል፣ ወጥ ይጨለፋል፣ ሁሉም ይጠራኛል፤ ቀጠልሁለት። ትእዛዞቹ ግን የሚቆጠሩት ከቪዲዮው መጀመሪያ ነው። ከፊት ሌላ ነገር ሲገባ የሐጂ ንግግር ወደኋላ ይገፋል፣ ትእዛዞቹ ግን በነበሩበት ይቀራሉ። ይህን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ትዝ ያለኝ ግን ምሳ ተበልቶ ድንኳኑ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

ጀማል በስክሪኑ ላይ ከቆርቆሮ ክምር ፊት ቆሞ ብቅ አለ። ስለ ቤተሰብ ፍቅር ጀመረና ሳይቆይ ወደ መደብሩ ገባ። ቅርንጫፍ ለመክፈት ማሰቡን ሲናገር የ«አሚን» ምልክት ከመሃል ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሳያመነቱ አሚን አሉ፤ ከጅዳና ከሌላውም ቦታ አሚን ጎረፈ። ጀማል መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ወዲያው «የቤቴን ሸክም የተሸከመችልኝ ባለቤቴ» ሲል ያቺ የጭነት መኪና ከነጽሑፏ ብቅ አለች። ብዙ ጭነት የቻለች፣ መንገድ ላይ ጥላን የማታውቅ። የጀማል ባለቤት ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። በአፏ ላይ ያደረገችው ነጠላ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳቅ ይሁን በሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጀማል ያን ዕለት ማታ ያወቀ ይመስለኛል።

ላቆመው ብል ኢንተርኔቱ ላይ ያለው ሕዝብም አብሮ ሊቋረጥ ነው። ራህማ ከሥራ ሰዓቷ ሰርቃ፣ የአሠሪዎቿ ማዕድ ቤት ቆማ እንደምታይ አውቃለሁ። ስለዚህ ላብ እያጠመቀኝ ተመለከትሁ። ሐጂ በስክሪኑ ላይ መጥተው፣ መኪናቸው ተገልብጣ ስትቃጠል በአንድ ሱሪ እንዴት እንዳመለጡ ሲያወሩ፣ ከሰማይ ጽጌረዳ ዘነበባቸው። መንገድ ዘግታ አልነሳም ስላለችው ግመል ሲናገሩ ደግሞ «የቤተሰባችን አለኝታ አቶ ሰይድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አጎት ሰይድ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ሁለት ሰዎች ያዙት። ሐጂ ግን ዓይናቸው ስለማያይ ድምፃቸውን ብቻ እየሰሙ በጣም ይደሰቱ ነበር። ሰው በሳቀ ቁጥር «አሳምሬ ነው ያወራኋት» ይሉኛል።

ከዚያ በስክሪኑ ላይ «ልጄ ጀማል» ብለው ጀመሩ። ጀማል ምስጋናው እንደመጣ አውቆ ኮቱን አስተካከለ። የመዝለሉ ትእዛዝ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮው ምስጋናውን በሙሉ ዘለለውና ልንዘልለው የነበረው ንግግር አፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ደሴ ና ይሉኛል» አሉ ሐጂ። «ልጆቼ ናቸው፣ ክፉ አስበው አይደለም። ደሴ ግን የጀማል ቤት ነው። ይሄ የእኔና የዘሀራ ነው፤ ጭቃውን ያቦካችው እሷ ናት። ግድግዳው የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል፣ ዓይን አያስፈልገኝም። ስሞት በዚህ በር አውጡኝ። ከዚያ በፊት አታውጡኝ።»

ጀማል በእጁ ዝጋው ዝጋው እያለ ይጠቁመኛል፤ እኔ ግን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ሐጂ በደስታ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዴም ቢሆን ሳይቋረጡ ተሰምተዋል። እንዲህ ሆኖ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ሁሉ እየሳቅሁ አወራላችሁ ነበር።

ጥያቄው መጣ። ቪዲዮው የሐጂን አፍ እንደከፈተ ቀጥ አለ፤ በላያቸው ላይ «ሐጂ ከእንግዲህ የት ቢኖሩ ይሻላል?» የሚል ወጣ። አሁን የሰማው ሰው ሁሉ ስልኩን አንስቶ ኮምቦልቻን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ በቀይ «ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ተጻፈ፣ የሚያስጠላ የጥሩምባ ድምፅም አሰማ። ያን ድምፅ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሌላው ተጫነ፣ ተሳስተሃል ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉትም ገቡበት፤ ኮምቦልቻ፣ ጥሩምባ፣ ኮምቦልቻ፣ ጥሩምባ።

ሐጂ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ምን እንደሚል ጠየቁኝ።

«ተሳስተዋል ይላል፣ ሐጂ።»

«ማን ነው የተሳሳተ?»

«ኮምቦልቻ ያለ ሁሉ» አልኋቸው።

ጋሽ ተስፋዬ ተነሱ። በአደባባይ መናገር የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለጀማል አባቱ ያሉትን ሁሉም እንደሰማ፣ ማሽኑ ባይሰማም ግድ እንደሌለ ነገሩት። ሐጂን እሳቸውና ልጆቻቸው ተራ ገብተው እየጠበቁ ሊያድሩ እንደሚችሉም ጨመሩ። ጀማል ለመመለስ ቆመ። ወደ አባቱ ዞረ። ያን ሰዓት እሺ ሊል የነበረ ይመስለኛል፤ ምናልባት እንዲመስለኝ ፈልጌ ይሆናል።

በዚህ መሃል ራህማ ከጅዳ ደሴን ተጫነች።

አረንጓዴ መብራት ስክሪኑን ሞላው። «ትክክል! እንኳን ደስ አለዎት!» ተጻፈ፤ አበባ ተበተነ፤ ካሰናዳሁት ሁሉ በትክክል የሠራው የጭብጨባ ድምፅ ተለቀቀ። ጭብጨባ ደግሞ ይጋባል። ከኋላ ያሉት፣ ምን እንደተባለ በደንብ ያልሰሙት፣ አጨበጨቡ። ከፊት ያሉት እነሱን አይተው አጨበጨቡ። ጀማል ዓይኑን እየጠረገ አባቱን አቀፋቸውና ክፍሉን አበሰራቸው። አንድ ሽማግሌ ለመልካም ልጅ ዱዓ አደረጉ። ለዚያኛው ዱዓ ምልክት ሳያስፈልገው ሁሉም አሚን አለ። ሐጂም አሚን አሉ፤ ለልጁ ዱዓ ሲደረግ አሚን የማይል አባት የለም።

እቃዬን ስሰበስብ ከራህማ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። እየተጣደፈች ነው የምታወራው፤ ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል። የአባቷ ድምፅ ሲቋረጥባት ቀሪውን ለመስማት ብላ ብቻ እንደተጫነችው፣ ኮምቦልቻን መጀመሪያ ሞክራ እምቢ እንዳላት፣ እባክህ ይህን ለጀማል ንገርልኝ አለች። ጀማልን ከድንኳኑ ጀርባ ወስጄ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው ሰማና ስልኬን መለሰልኝ።

«ተጫነች አይደል?» አለኝ።

ሐጂ በማግሥቱ ወደ ደሴ ሄዱ። እስኪበረቱ ድረስ ነው ተባለ።

ማንም አልተቆጣኝም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ጀማል ላገኘው ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል፤ ደንበኛም በዛልኝ። አንዷ መጥታ፣ በሰርጓ ቪዲዮ የባሏ እናት በታዩ ቁጥር መዝለል ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንዱ ደግሞ ወንድሙን በርስት ጉዳይ ሊጠይቀው ፈልጎ፣ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ መሙላት ይቻል ወይ አለኝ። ይቻላል። ይህ ጥበብ የማይችለው ነገር የለም። አልሠራም አልኋቸው፤ ሌላ የሚሠራላቸው ለማግኘት ግን አንድ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው የሚበቃቸው። ከእኔ በታች ሁለት ተከፍተዋል።

ክረምት ሲገባ መናኸሪያ ላይ ከጋሽ ተስፋዬ ጋር ተገናኘን። ሐጂን ሊጠይቁ ከኮምቦልቻ መጥተው ነው፤ አብሬያቸው ሄድሁ። ቤቱ እንደተቆለፈ፣ የዘይቱኑ ፍሬ ግቢው ውስጥ ወድቆ እንደሚበሰብስ መንገድ ላይ ነገሩኝ። ጀማል ቤት ያለው ክፍል እንደተባለውም ፀሐይ የሚገባበት ነው፤ ያን ዕለት ግን ጉም እንጂ ፀሐይ አልነበረም። ሐጂ ድርብ ጋቢ ለብሰው፣ ብርድ ልብስ ጭነው ተቀምጠዋል። ንጹሕ ናቸው፣ ወፍረዋል፣ የጎደለባቸው ነገር የለም። የጀማል ባለቤት በአክብሮት ተቀብላን ሻይ ልታመጣ ወጣች።

ሐጂ ስለ ቪዲዮው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ጋሽ ተስፋዬን ግን በየትኛው መኪና እንደመጡ፣ ሾፌሩ ሐረጎ ዳገት ላይ እንዴት እንደነዳ፣ መንገዱ ይንሸራተት እንደሆነ ጠየቋቸው። ጋሽ ተስፋዬ መለሱ። ቀጥለውም ሳይጠየቁ የመልሱን ጉዞ ጀመሩ፤ አሁን ከደሴ ወጣን፣ ጉሙ ከፊት ነው፣ መብራት ያብሩ አሏቸው። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ማርሽ ቀነሰ። ጠምዘዝ አለ፣ አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ ከታች የጭነት መኪና እየመጣ ነው፣ ዳር ይያዙለት። ሐጂ ዳር ያዙ። ሐረጎን ኩርባ በኩርባ ወረዱት። ሙቀቱ ሲጀምር ሐጂ አንደኛውን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱ። ሰፈሩ ውስጥ ገቡ፤ ከመስጊዱ ወደ ግራ፣ ቀስ ብለው ድንጋዩን አልፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«ደረስን ሐጂ» አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

የጀማል ባለቤት ሻይ ይዛ ገባች። ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አሉ።

ሁለታችንም ሻያችንን አነሳን።